የፉልጎራ ዓይን የቱ ነው?

ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆች፣ እንደምን አላችሁ? ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለ ነፍሳት ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። እስቲ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ያለችውን፣ ፉልጎራ የምትባለውን ነፍሳት በደንብ እዩልኝ። ልጆች፣ ዓይኗ የቱ ነው? በጣታችሁ አሳዩኝ።

አብዛኛው ሰው ከፊት ያለውን ጥቁር ነጥብ ነው የሚያሳየው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሥር ሳያት ዓይኗ እሱ ነው ብዬ ነበር። ትንሽ አዞ ነው የመሰለችኝ። አፍንጫ አላት፣ ጎንና ጎኗ ላይ ጥርስ የሚመስል መስመር አላት፣ ዓይንም ያላት ይመስላል። ይሄ ሁሉ ግን እብጠትና ቀለም ነው። እውነተኛው ዓይኗ ወደ ኋላ ነው ያለው። ከፊቷ የወጣው፣ ኦቾሎኒ የሚመስለው ትልቅ ጭንቅላቷ አልቆ ደረቷ ሊጀምር ሲል፣ ጎኗ ላይ አንድ ትንሽ ክብ ነገር ቁጭ ብሏል፣ አያችሁት? እሱ ነው። እኔ ያን ቀን ይሄን ካወቅኩ በኋላ ከመስታወቱ አጠገብ መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ሳይንሳዊ ስሟ ፉልጎራ ላተርናሪያ ነው። አገሯ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደን ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ማቻካ ይሏታል፣ ብራዚሎች ደግሞ ዤኪቲራናቦያ። ርዝመቷ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለአንዲት ነፍሳት ይሄ በጣም ትልቅ ነው፣ የመሃል ጣታችሁን አስቡት። ቀን ቀን የዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። የፊት ክንፎቿ ግራጫና ቡናማ ስለሆኑ ከቅርፊቱ ለይቶ ማየት ይከብዳል። ከነኳት ግን ክንፏን ትዘረጋለች። ያኔ የኋላ ክንፎቿ ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ ክቦች ድንገት እንደ ጉጉት ዓይን ያፈጡባችኋል።

ይቺ ነፍሳት ለዘመናት ስሟ ሲጠፋ ነው የኖረው። መርዘኛ ናት፣ ሰው ከነደፈች ትገድላለች፣ ያረፈችበት ዛፍ ይደርቃል ይባላል። አንዱም እውነት አይደለም። አፏ ሰው የሚነክስ አፍ አይደለም፣ መርዝም የላትም። ያ ሁሉ ወሬ የመጣው ከጭንቅላቷ ቅርፅ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1699 ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ሠዓሊ ከትንሿ ልጇ ጋር በመርከብ ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ሱሪናም ሄደች። ዕድሜዋ 52 ነበር። እስከ 1701 እዚያ ቆይታ አባጨጓሬ እንዴት ቢራቢሮ እንደሚሆን በዓይኗ እያየች ሣለች። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ይሄን ስታደርግ አስቡት፣ እኔ በጣም ነው የማከብራት። በ1705 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን አንድ ነገር ጻፈች። የአገሩ ሰዎች እነዚህን ነፍሳት አምጥተውላት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ማታ ሲንጫጩ ሰምታ ሳጥኑን ብትከፍተው እንደ እሳት ያለ ብርሃን ወጣ፣ ጭንቅላታቸው ጋዜጣ እስከሚያስነብብ ድረስ ያበራል አለች። ከእሷ በኋላ ብዙ ሰዎች በሕይወት ያለችውን ይዘው ጨለማ ውስጥ ጠብቀዋል። ብርሃን የለም። ግን ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣ የነበረው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ስም ሲያወጣላት ያንን ወሬ ይዞ ላተርናሪያ አላት፣ በላቲን ላተርና ፋኖስ ማለት ነው። በ1767 ደግሞ ፉልጎራ የሚለውን የወገን ስም ሰጠ፣ ፉልጉር መብረቅ ነው። የማታበራው ነፍሳት እስከ ዛሬ በፋኖስና በመብረቅ ስም ትጠራለች።

እንግዲህ ያ ትልቅ ራስ ሰው አስፈርቷል፣ ሠዓሊዋን አሳስቷል፣ የሳይንስ ስም አስወጥቷል። ምደባ ላይ ሲመጣ ግን፣ ማለትም ይቺ ነፍሳት የማን ዘመድ ናት ሲባል፣ ለመልሱ ብዙ አይረዳም። ቁልፉ ያለው ማንም የማያየው ቦታ ነው። ከዓይኗ ሥር።

ፎቶውን ላቅርበው። ከዓይኗ በታች አንዲት ትንሽ ክብ ፍሬ አለች። እሷ አንቴናዋ ናት። የቢራቢሮን ረጅም አንቴና ለለመደ ሰው አንቴና አትመስልም። ሁለተኛው አንጓ አብጦ እንደ ዶቃ ሆኗል፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን የስሜት አካላት ተደርድረዋል፣ ከጫፉ ደግሞ ፀጉር የምታህል ቀጭን ክር ብቻ ትወጣለች። አንቴና ከዓይን ሥር፣ ሁለተኛው አንጓ ያበጠ። ይሄን ካያችሁ ፉልጎሮሞርፋ ከሚባለው ቡድን ጋር ናችሁ። በዚህ ቡድን ውስጥ ከ12,000 በላይ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ቅጠል ላይ ተቀምጠው ሲነኳቸው ተስፈንጥረው የሚጠፉ ናቸው። ጭንቅላታቸው እንደ ፉልጎራ አይደለም። አንቴናቸው ግን ያው ነው።

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትኖሩ በ2021 ከመሬት የወጡትን፣ ሲካዳ የሚባሉትን ጩኸታም ነፍሳት ታስታውሳላችሁ፣ ያንን ጩኸት ማን ይረሳል! የሲካዳ አንቴና በሁለቱ ዓይኖቹ መሃል ነው ያለው፣ አናቱ ላይም ሦስት ትንንሽ ተጨማሪ ዓይኖች አሉት። ፉልጎራና ሲካዳ የአጎት ልጆች ናቸው እንበል፣ አንድ ቤት ግን አይደሉም። ሊኒየስ ራሱ መጀመሪያ ላይ ከሲካዳ ጋር ነበር የመደባት።

ከፍ ብለን ስንሄድ ሁለቱም ሄሚፕቴራ የሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። ወላጆች፣ አገር ቤት ጎመን ላይ የሚወጣውን ክሽክሽ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱም እዚሁ ነው። ትኋንም እዚሁ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው አፋቸው ነው። ማኘክ አይችሉም። የፉልጎራ አፍ ከራሷ በታች ወደ ኋላ ታጥፎ እግሮቿ መሃል የተኛ ቀጭን ቱቦ ነው። ውስጡ አራት ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች አሉ፣ ተጣብቀው ሁለት መስመር ይሠራሉ፣ በአንዱ ምራቅ ይወርዳል፣ በሌላው የዛፍ ፈሳሽ ይወጣል።

አስተኔዋ፣ ማለትም ቤተሰቧ፣ ፉልጎሪዴ ይባላል፣ ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ይሄኛውን የሚለየው ክንፍ ነው። የኋላ ክንፏን ብትዘረጉት፣ ወደ ሆዷ በሚጠጋው በኩል፣ እንደ ቅጠል ሥር የተዘረጉትን መስመሮች የሚያገናኙ ብዙ ጥቃቅን መስመሮች ታያላችሁ። መረብ ይመስላል። ሌሎቹ ቤተሰቦች እዚያ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ መረብ የላቸውም። ያንን አፍጣጭ ክብ አታድንቁ አልልም፣ ያምራል፣ ግን እግረ መንገዳችሁን መረቡንም እዩት።

ልጆች ደስ የሚላችሁን አንድ ነገር ልጨምር። ከዘመዶቿ አንዱ ኢሰስ ይባላል፣ አውሮፓ ውስጥ ጓሮ ላይ የሚገኝ ነው። በ2013 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገና ያላደገውን የኢሰስ ልጅ የኋላ እግሮች በማይክሮስኮፕ ሲያዩ እግሮቹ ከሰውነቱ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ የጥርስ ማርሽ አገኙ። እውነተኛ ማርሽ፣ እንደ ሰዓት ውስጥ ያለው። በእያንዳንዱ እግር ላይ ከ10 እስከ 12 ጥርስ፣ እርስ በርስ የሚያያዝ። ሲዘል ሁለቱ እግሮች እኩል ካልተነሱ ሰውነቱ ይሽከረከራል፣ ማርሹ ግን በሴኮንድ ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ልዩነት እኩል ያስነሳቸዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳውን ሲቀይር ማርሹ ይጠፋል። ትልቁ ያለ ማርሽ ይዘላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ኑ። ፉልጎራን ላመጣላችሁ አልችልም። ግን የእሷ ቤተሰብ እዚሁ ደጃችን አለ። ስፖትድ ላንተርንፍላይ የምትሉት፣ ከእስያ መጥቶ በ2014 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተገኘው፣ ወይን የሚጎዳው፣ መኪናችሁ ላይ የሚያጣብቅ ነገር የሚያንጠባጥበው፣ እሱ ፉልጎሪዴ ነው። የሚያጣብቀውም ጠጥቶ የተረፈው የዛፍ ስኳር ነው። የሞተች አንዲት ከመኪና ማቆሚያው አንስቼ እዚህ ሳህን ላይ አድርጌያታለሁ። ማጉያ መነጽር ሦስት አለ፣ ተራ በተራ ያዙ። ቀዩን ክንፍ ለጊዜው ተዉት። በጎኗ አዙሯት፣ ጥቁሩን ዓይን ፈልጉ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ታች ውረዱ። ብርቱካንማ የሆነች ዶቃ አለች። ያገኘ እጁን ያውጣ።