205 እና 120፦ ሁለቱን ወባ ጄል ላይ መለየት

የተከበራችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ውድ ሰልጣኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከሁለት ቁጥሮች እንጀምር፦ 205 እና 120። የወባን ተሕዋሲ 18ኤስ ጂን በሁለት ዙር ፒሲአር (ዲኤንኤን በሚያባዛው ዘዴ) ስናባዛ ፋልሲፓረም 205 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ)፣ ቫይቫክስ ደግሞ 120 ቤዝ ጥንድ ርዝመት ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ ይሰጠናል። ሁለቱ ዝርያዎች አገራችን ውስጥ አብረው አሉ፤ አንዳንዴም አንድ ሰው ደም ውስጥ ተደርበው ይገኛሉ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ይመለሳል፣ ፋልሲፓረም ይህ ባሕርይ የለውም፤ ሕክምናቸውም ለየቅል ነው። ዝርያዎቹ በየራሳቸው ቱቦ ቢባዙም የወጣው ነገር የተፈለገው መሆኑን የሚያረጋግጥልን ርዝመቱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጉዳያችን ጄል ኤሌክትሮፎረሲስ ነው፤ ዲኤንኤን በረጋ ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ እየነዳን የ85 ቤዝ ጥንድን ልዩነት በዓይን የሚታይ ርቀት ማድረግ።

ዲኤንኤ በጀርባው ላይ በተደረደሩት ፎስፌቶች ምክንያት ኔጌቲቭ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቁራጩ በረዘመ ቁጥር ያለው ሙል በዚያው ልክ ይጨምራል። በመሆኑም ባዶ ፈሳሽ ውስጥ ረጅሙም አጭሩም ከሞላ ጎደል እኩል ይጓዛሉ። ኤሌክትሪኩ ይጎትታል እንጂ አይለይም፤ የሚለየው ጄሉ ነው። ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊየስ በ1937 ፕሮቲኖችን የለየው ጄል በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ነበር፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ቢያገኝበትም ጥርት ብለው የሚነጠሉ መስመሮች የመጡት ኦሊቨር ስሚዚስ በ1955 የድንች ስታርች ጄል ካስተዋወቀ በኋላ ነው።

ጄልን ከወንፊት ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። ምሳሌው ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ወንፊት ላይ ትልቁ ከላይ ይቀራል፤ ጄል ላይ ሁሉም ያልፋል፣ የሚለያየው የሚደርስበት ሰዓት ነው። የበዓል ዋዜማ መርካቶን አስቡት፤ ሕፃን ልጅ በሰው እግር መካከል ሹልክ ሹልክ ሲል፣ ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬ ገና መግቢያው ላይ ‘ዞር በሉ’ እያለ ነው።

የግፊያውን መጠን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከ1,000 ቤዝ ጥንድ በላይ ለሆነ ቁራጭ 1 በመቶ አጋሮዝ (ጄሉ የሚሠራበት ዱቄት) ይበቃል። ለ205 እና ለ120 ግን 2 በመቶ ያስፈልጋል፦ 2 ግራም አጋሮዝ በ100 ሚሊሊትር 1 ኤክስ ቲኤኢ ባፈር (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ)። ባለ 50 ኤክሱን፣ ማለትም 50 እጥፍ የወፈረውን ክምችት ለማቅጠን 20 ሚሊሊትር ወስዳችሁ 980 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሩበት።

የማሟሟቱን ሥራ አትናቁት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ተራ አጋሮዝ ለመሟሟት የሚፈልገው ሙቀትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከባሕር ወለል አጠገብ ለሚሠራ ሰው የተጻፈው ‘ሁለት ደቂቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ’ የሚለው መመሪያ እዚህ ላይበቃ ይችላል። ፍላስኩን ከብርሃን ፊት ለፊት ይዛችሁ አዙሩት፤ ውስጡ እንደ ጥቃቅን መስታወት ብልጭ የሚል ቅንጣት ካለ አልሟሟም፣ መልሱት። እንደ ወተት ስለሚገነፍል ፍላስኩ ከግማሹ በላይ አይሙላ። ከማፍላታችሁ በፊት መዝኑት፣ ካፈላችሁ በኋላም መዝኑትና የጎደለውን በተጣራ ውሃ ተኩ። አለበለዚያ 2 በመቶ ያላችሁት ጄል 2 በመቶ አይሆንም፤ የዛሬው ጄል ከትናንቱ የማይመሳሰልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ፍላስኩ በጓንት ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን፣ በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ከሆነው ኢቲዲየም ብሮማይድ፣ ዲኤንኤን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ከሚያሳየው ቀለም፣ 5 ማይክሮሊትር ጨምሩና ትሪው ላይ አፍስሱት። ኢቲዲየም ዲኤንኤ መሃል የሚሰካ ነገር ነውና ጓንት የግድ ነው፤ በዚያው ጓንት የበር እጀታና ስልክ አይነካም። የናሙና ጉድጓዶቹን የሚሠራው ማበጠሪያ ጥርሱ የትሪውን ወለል አይንካ፣ 1 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ። ከነካ ጉድጓዱ ወለል አይኖረውም፤ ናሙናው ከሥር ይፈስሳል። 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ባፈር አፍስሱበት፣ ከዚያ ማበጠሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ በቀስታ ሳቡት።

ገንዳው ውስጥ የሚገባው ባፈር ጄሉ የተሠራበት ዓይነት ይሁን። በስህተት ውሃ ብቻ ከተሞላ የሚሊአምፒሩ ንባብ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ናሙናውም ካለበት አይነቃነቅም። ክምችቱ ሳይቀጥን ከገባ ደግሞ ንባቡ ሽቅብ ይወጣል፣ ጄሉ ይሞቃል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ቮልቱን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ።

5 ማይክሮሊትር ናሙና ከ1 ማይክሮሊትር ባለ 6 ኤክስ መጫኛ ቀለም ጋር አዋሕዱ። ቀለሙ ውስጥ ያለው ግሊሰሮል ናሙናውን ያከብደውና ወደ ጉድጓዱ ይጥለዋል። የፒፔቱ ቲፕ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቁም፣ ወለሉን አይውጋ። ስታወጡትም አውራ ጣታችሁን ከቁልፉ ላይ አታንሱ፤ ካነሳችሁ ናሙናውን መልሶ ይመጠዋል።

ጉድጓዶቹ በጥቁሩ ሽቦ በኩል ይሁኑ፣ ዲኤንኤው ወደ ቀዩ ይሩጥ። ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 5 ቮልት ያዙ፤ የሚለካው በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ርቀት እንጂ የጄሉ ርዝመት አይደለም። 20 ሴንቲሜትር ከሆነ 100 ቮልት። ስታበሩት ጎንበስ ብላችሁ የፕላቲነም ሽቦዎቹን ተመልከቱ፤ አረፋ ከሌለ ኤሌክትሪክ የለም። በጥቁሩ በኩል አረፋው የሚበዛው ሃይድሮጅን ከኦክስጅን እጥፍ ስለሚወጣ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ለመቸኮል ቮልት መጨመር የጄሉን መሃል ከዳሩ ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ባንዶቹም (የዲኤንኤው መስመሮች) እንደ ፈገግታ ይታጠፋሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ግማሽ ሰዓት ከሆነ አትደንግጡ፣ ሲመጣ ከቆመበት ቀጥሉ። ሌሊቱን ካደረ ግን ቁራጮቹ በራሳቸው ይሰራጫሉ፣ አጫጭሮቹም ይብሳሉ፤ የ120ው ባንድ ደብዝዞ ታገኙታላችሁ።

ለ120ው ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። 2 በመቶ ጄል ላይ ብሮሞፌኖል ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም የሚጓዘው ከ100 እስከ 200 ቤዝ ጥንድ ባለው አካባቢ ነው፤ ቀለሙ ከበዛ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ጥቁር ጥላ ይሆንና ደካማውን ባንድ ይሸፍነዋል። ቀለሙን ቀንሱ፣ ወይም ቀድሞ የሚሮጠውን ኦሬንጅ ጂ ተጠቀሙ። ሁለተኛው፣ ኢቲዲየም ፖዘቲቭ ሙል ስላለው ከዲኤንኤው በተቃራኒ ሽቅብ ይሄዳል። ሩጫው በረዘመ ቁጥር የጄሉ ታችኛው ክፍል፣ ማለትም አጭሩ ቁራጭ ያለበት፣ ቀለም ያጥረዋል። ‘ቫይቫክስ የለም’ ከማለታችሁ በፊት ጄሉን በኢቲዲየም መፍትሔ ውስጥ 20 ደቂቃ ነክራችሁ እንደገና ተመልከቱ።

ፕሮቲን የሌላ ቀን ርዕስ ነው። እያንዳንዱ ፕሮቲን የራሱ ሙልና ቅርጽ ስላለው መጀመሪያ ኤስዲኤስ በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ተፈትቶ ኔጌቲቭ መልበስ እንዳለበት ብቻ ያዙ።

ስታነቡ ዓይናችሁ ወደ ታካሚው ናሙና አይሩጥ። ቅድሚያ ላደሩን፣ ማለትም ርዝመታቸው የታወቀ ቁራጮች ያሉበትን መለኪያ፣ እዩ፤ የ100 እና የ200 መስመሮች ካልተለያዩ ሌላውን ማንበብ ግምት ነው። ቀጥሎ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉን፣ የወባ ዲኤንኤ ያልገባበትን ማነጻጸሪያ። እዚያ 205 ላይ ባንድ ካለ፣ የሌላው ሁሉ ባንድ ምንም ያህል ቢያምር ውጤት አይጻፍም፤ ፒሲአሩ ከንጹሕ ውሃና ከአዲስ ፕራይመር (ብዜቱን ከሚያስጀምሩት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ይደገማል። የወባ ዲኤንኤ እንዳለበት የሚታወቀው ፖዘቲቭ ኮንትሮል ካልወጣ ደግሞ የናሙናው ባዶነት ‘ወባ የለም’ ማለት አይደለም። ከ50 ቤዝ ጥንድ በታች የተድቦለቦለው ደብዛዛ ብርሃን እርስ በርስ የተያያዙ ፕራይመሮች ናቸው፤ እለፉት።

ጠረጴዛ ቁጥር 1 ላይ ሚዛኑ በርቷል፣ ባፈሩም ተለክቶ ተቀምጧል። ጓንት አጥልቁና ከ2 ግራሙ እንጀምር።