እዛ እየሰራሁ እከፍላለሁ

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ የምቀዳው አራት ኪሎ ነው ስለዚህ ከጀርባ የታክሲ ረዳት ሲጮህ ከሰማችሁ በቃ ታገሱኝ።

እዚህ ሰፈር ካፌ ቁጭ ካላችሁ ውጭ ሄዶ ለመማር ፕሮሰስ የጀመረ ልጅ አጠገባችሁ አይጠፋም፣ ካናዳ፣ ጀርመን ምናምን፣ ብሩስ ከየት ነው ስትሉት «መጀመሪያ ቤተሰብ ይሸፍናል ከዛ እየሰራሁ እከፍላለሁ» ይላል። እኔ ይሄን ስሰማ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ካናዳን እንይ። በ2022 መጨረሻ ላይ ሰራተኛ ሲያጥራቸው ለተማሪ የነበረውን የሰዓት ገደብ አነሱት፣ ያኔ የነበሩት ልጆች ቀን ክላስ ማታ መጋዘን እያሉ እንዳቅማቸው ሰሩ፣ ቤተሰብ ጋ ላኩ፣ እዚህም ወሬው ተቀጣጠለ። እሱ ግን በ2024 ሚያዝያ አበቃ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ከዛው ዓመት ህዳር ወዲህ ትምህርት እያለ ከካምፓስ ውጪ የሚፈቀደው በሳምንት 24 ሰዓት ነው። 24 ሰዓት ምግብና የጋራ ቤት ኪራይ ቢሸፍን ነው፣ የውጭ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ጋ አይደርስም። እኛ ግን እስከዛሬ በድሮው ወሬ መኪና እንሸጣለን። በካሽ ተደብቄ እሰራለሁ የሚልም አለ፣ ከታወቀበት የመማር ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል።

ጀርመን አብዛኛው የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የለውም፣ እውነት ነው፣ ግን ብሎክድ አካውንት አለ፣ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ አስቀምጠህ በወር 992 እየተቆነጠረ ይሰጥሃል፣ የገዛ ብርህ! ያውም የብር ምንዛሬ በ2024 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዩሮ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስራ ደሞ የሚፈቀድልህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው። አሜሪካ ጭራሽ የመጀመሪያውን ዓመት ከካምፓስ ውጪ አትሰራም።

ለኔ ዋናው ጥያቄ ከተመረቅኩ በኋላ እዛው ቆይቼ ለመስራት ስንት ጊዜ ይሰጡኛል የሚለው ነው፣ ይሄን ግን ማንም አይጠይቅም። ጀርመን ስራ መፈለጊያ 18 ወር ትሰጣለች። አሜሪካ በተማርክበት ሙያ 12 ወር፣ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ከሆነ 24 ይጨመርልሃል፣ ግን በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥ በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ያለስራ መቀመጥ የለም። ካናዳ እስከ 3 ዓመት የስራ ፈቃድ ትሰጣለች፣ ያውም በህይወትህ አንዴ ብቻ፣ ኮሌጁ ደሞ ለዚህ ፈቃድ ብቁ ካልሆነ ተመርቀህም ምንም የለህም። ኤጀንቱ ይሄን ላይነግርህ ይችላል፣ ኮሚሽኑ የሚገባለት ስትመዘገብ ነዋ፣ ስራ አገኘህ አላገኘህ እሱ ምን አገባው።

ስለዚህ ፎርም ከመሙላትህ በፊት የኮሌጁን ስም ራስህ የካናዳ ኢሚግሬሽን ሳይት ላይ ፈልግ። ለእናትህም በመጀመሪያው ዓመት ምንም እንደማትልክ እዚሁ ቡና ላይ ንገራት፣ እዛ ሆነህ በኢሞ ከምትነግራት።