ሲሶው የኔ፣ ሁለት ሲሶው የቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሲዲኤል እንዴት እንዳወጣሁ ላጫውታችሁ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የተመዘገብኩት አንድ የግል ማሠልጠኛ ነበር። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድመው ተቀበሉኝ። በአንድ መኪና አራት ተማሪ ነን። በቀን መሪ የምይዘው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ፈተናውን ወደቅኩ። «ድጋሚ ክፈል» አሉኝ። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ነበረች።

በኋላ አንድ ወዳጄ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላከኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2016 የተጀመረ ፋስትፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥልጠናዎቹ አጫጭር ናቸው፦ ብየዳ፣ ለምርመራ ደም መቅዳት፣ ሲዲኤል። አከፋፈሉን ሲነግሩኝ «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው የድሮ አባባል ትዝ አለኝ። ሲሶውን ተማሪው ይከፍላል። ትምህርቱን ሲጨርስ ስቴቱ ሁለተኛውን ሲሶ ለኮሌጁ ይሰጣል። ሦስተኛው ሲሶ የሚለቀቀው ተማሪው የሙያ ወረቀቱን ሲይዝ ነው። አቋርጦ የወጣ ግን ከራሱ ኪስ ሌላ ሲሶ ይጨምራል።

እስቲ አስቡት፣ እኔ ብወድቅ ኮሌጁም ገንዘቡ ይቀርበታል!

ይሄ ምን ለውጥ እንዳመጣ ልንገራችሁ። የአየር ፍሬን ፍተሻ የሚባል አለ። ሞተር ታጠፋላችሁ። ፍሬን ረግጣችሁ 1 ደቂቃ ትቆያላችሁ። መኪናው ተጎታች ካለው፣ የአየር ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ በዚያች ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ይሄን ሁሉ ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ እየተናገራችሁ ነው የምትሠሩት። እጄ ያውቀዋል፣ አፌ ነው የሚተሳሰረው። አስተማሪው ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ አብሮኝ ጋቢና ውስጥ ቁጭ አለ። ቃል በቃል አስደገመኝ። እስኪመሽ ድረስ። በዚያው ሳምንት ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ሥልጠናው የሚሰጠው ሠራተኛ በሚፈለግባቸው ሙያዎች ነው፤ ዝርዝሩ አለ። ቀጣሪዎችም ዳር ቆመው አያዩም። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የሥራ ሥልጠናን የሚከታተለው የየአካባቢው የሥራ ኃይል ቦርድ አብዛኛው አባል ከንግዱ ዓለም እንዲሆን ያዛል። እኛም ጋ ትምህርቱ ሳያልቅ የአንድ ድርጅት ሰዎች ክፍል ድረስ መጥተው ስማችንን መዝግበው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። የከበደኝ ሲሶዋ አይደለችም። ቀን ክፍል ከገባችሁ የቀን ሥራችሁ ይቀራል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። ስቴቱ ትምህርቱን ያግዛል እንጂ የቀረ ደሞዝ አይተካም። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ደብል፣ ማለትም በቀን ሁለት ፈረቃ፣ እየሠራች ነው ያሳለፈችኝ። እንዲህ የሚደግፈው የሌለው ስንት ሰው አለ! እዚህ ላይ ስቴቱ መጨመር አለበት ባይ ነኝ።

ለመመዝገብ የምታስቡ፣ ኮሌጁ ስትደርሱ የዎርክፎርስ ቢሮው፣ የነዚህ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች ክፍል ማለቴ ነው፣ የት እንደሆነ ጠይቁ። መደበኛው ምዝገባ ጋ ተሰልፋችሁ እንዳትደክሙ።

የባለቤቴ ወንድም ሰኞ ይጀምራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የፍሬኑን ፍተሻ አብረን እናጠናለን። የቤት ኪራዩንም ተነጋግረናል። አሁን ደብል የምገባው እኔ ነኝ።