ስልኩን ነጥቄዋለሁ፤ ከዚያስ?

እናት፣ ከሐዋሳ፦ የ14 ዓመት ልጄ ስልክ ላይ የወሲብ ቪዲዮ አገኘሁ። ጮኼበት ስልኩን ነጠቅኩት። ይኸው ሁለት ሳምንት ዐይኔን አያይም። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምር ልጅ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢደነግጡ አይፈረድብዎትም። ስልኩን መያዝዎም ጥፋት አይደለም። የቀረው ንግግሩ ነው። ዛሬ ማታ ሌሎቹ ሲተኙ ጠርተው «የጮህኩት ደንግጬ ነው፤ ልጄነትህ አልቀረም» ይበሉት። ከዚያ እውነቱን ይንገሩት። ምኞቱ በሽታ አይደለም። በጉርምስና ስሜትን የሚያነሳሳው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል፤ ቆም ብሎ የሚያመዛዝነው ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ይዋሸዋል። እዚያ ውስጥ ሴቲቱ ስምም ወገንም የላትም፤ በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሯ ተረስቷል። ይህን ከእርስዎ ካልሰማ ከማን ይሰማል?

ስልኩን ሲመልሱለት ደንቡ ለሁላችሁም ይሁን፤ ማታ ማታ የቤቱ ስልክ በሙሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ይደር። ዮሴፍ የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን በያዘችው ጊዜ ቆሞ አልተከራከረም፤ ልብሱን ትቶላት ሸሸ። ልጅም የሚሸሽበትን በር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ደግሞ ቢወድቅ ወደ እርስዎ፣ ወደ አባቱ ወይም ወደ ንስሐ አባቱ መምጣት እንደሚችል ይወቅ።

አንድ ልጨምር፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። «ስለዚህ ነገር አይወራም» ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ትልቅ ሰው በክፉ ቢነካውም አያወራም። በ2ኛ ሳሙኤል 13 ትዕማር በአባቷ ልጅ በአምኖን ተደፍራ ስታለቅስ፣ ወንድሟ አቤሴሎም «ዝም በዪ» ነው ያላት። አባቷ ዳዊት ተቆጣ ተብሎ ተጽፏል፤ ፈረደላት ግን አልተባለም። ያን «ዝም በዪ» ዛሬም በየቤታችን እንለዋለን።

ተማሪ፣ 17 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ፦ የምወደው ልጅ አለ። ስጸልይ እንኳ በሐሳቤ ይመጣል። ኃጢአት ነው? እሱ ደግሞ «ከወደድሽኝ እሺ በይኝ» ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ መውደድሽ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ ምኞት ፀንሳ ኃጢአትን ትወልዳለች ይላል፤ እንግዲህ ልብ ሲሳብና ሰው ሲወድቅ መካከል መንገድ አለ ማለት ነው። አንቺ ገና መንገዱ ላይ ነሽ። በጸሎት መሃል ሲመጣብሽ አትሸማቀቂ፤ ለእሱም ለራስሽም ጸልዪ።

ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። አምኖንም ትዕማርን በፍቅር እስኪታመም ወድጃታለሁ ይል ነበር። የፈለገውን ካደረገ በኋላ የጠላት ጥላቻ ከወደዳት ፍቅር በለጠ። አንቺ «አይሆንም» በዪውና ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። የሚያከብርሽ ልጅ ቢከፋው እንኳ ይቀበለዋል። ካስጨነቀሽ፣ ካስፈራራሽ ማንነቱን ነገረሽ። ፎቶ ቢጠይቅሽ አትላኪ። ልከሽ ከሆነና በዚያ እያስፈራራሽ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለምታምኛት ትልቅ ሰው ንገሪ፤ እኛንም ማነጋገር ትችያለሽ። የሚያስፈራራው ነው ጥፋተኛው፤ አንቺ አይደለሽም።

የወጣቶች አስተማሪ፣ ከቨርጂኒያ፦ ወላጆች «የወሲብን ነገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አታንሱ» ይሉናል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ትምህርት ቤቶች ስለ ሰውነት ለውጥና ስለ ወሲብ የሚያስተምር «የቤተሰብ ሕይወት ትምህርት» የሚባል እንደሚሰጡ፣ ወላጅም ልጁን ማስቀረት እንደሚችል ታውቃለህ። ልጁ ከዚያ ክፍል ቢቀርም ከጓደኞቹ ወሬ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድመህ ወላጆቹን ጥራቸው፤ የምታስተምረውን አንድ በአንድ አሳያቸው። ስለ ሰውነት ለውጥ ሴቶቹን ሴት፣ ወንዶቹን ወንድ ያስተምራቸው። ስለ መከባበር ግን አብረው ይስሙ። ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በወረቀት ይስጡህ፤ በእንግሊዝኛም ቢጽፉ ተቀበላቸው።