ፍላሹ ደላላ ነው፦ ሃይፐርቫይዘርን በትንሽ ኮምፒውተር ላይ መጫን

[ጠረጴዛው ላይ፦ ሚኒ ፒሲ፣ ፍላሽ፣ የኔትወርክ ኬብል]

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ጅማ ነኝ፤ ከኋላ የምትሰሙት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። እስኪያባራ ብዬ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አላባራም። እንጀምር።

ይቺን ሳጥን እዩአት። በአንድ እጅ ትያዛለች። እንዲህ ያሉት ኮምፒውተሮች ቢሮ ውስጥ ከስክሪን ጀርባ ታስረው የኖሩ ናቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ይላታል፣ ሌኖቮ ታይኒ ይላታል፣ ኤችፒ ሚኒ ይላታል፤ ነገሩ ያው ነው። የኔዋ ውስጥ ኮር አይ5 6500ቲ አለ፤ በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ ባለ 4 ኮር፣ 35 ዋት የሚባል ፕሮሰሰር። ራሟን 16 ጊጋ አድርጌዋለሁ፣ ኤስኤስዲዋ 256 ነው። ጡረታ የወጣች ማሽን ናት። ግን ኔትወርክ ለሚማር፣ ሊኑክስ ለሚማር፣ ሰርቨር መነካካት ለሚፈልግ ልጅ ከዚህች የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። ስታበላሹባት አትቆጣም፤ መልሳችሁ ትሠሯታላችሁ። ክላውድ ላይ ሰርቨር ለመከራየት የዶላር ካርድ አምጡ ይባላል። ይቺ ግን የራሳችሁ ናት፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ናት።

ዛሬ እሷ ላይ ፕሮክስሞክስ እንጭናለን፣ ከፍላሽ። ፕሮክስሞክስ ሃይፐርቫይዘር ነው። ሃይፐርቫይዘር ምንድን ነው? ኑ ግቢ እንግባ።

አንድ ግቢ አስቡ። ከአዌቱ ማዶ ይሁን፣ ወደ ጂሬን በሚወጣው መንገድ ይሁን፣ እናንተ የምታውቁትን ግቢ አስቡ። ባለቤቷ አንዲት እናት ናቸው። ሦስት ሰርቪስ ቤት ሠርተው አከራይተዋል። አንዱ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። አንዱ ውስጥ አናጺ አለ፤ ያን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሠራ፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን፣ ምስማር የማያውቀውን። እኔ የተቀመጥኩበትም እሱ ነው፣ እዩት፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው ውስጥ አዲስ ሙሽሮች ገብተዋል።

የግቢው በር አንድ ነው። ቆጣሪው አንድ ነው። ሮቶው አንድ ነው። ግን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ሙሽሮቹ የተማሪዎቹን ማሰሮ አይከፍቱም፤ ተማሪዎቹ የአናጺውን መጋዝ አያነሱም። አናጺው ዕቃውን ጠቅልሎ ቢወጣ፣ ሙሽሮቹ ቁርሳቸውን መብላታቸውን አያቋርጡም። ይህ ሁሉ እንዲሆን የሚያደርጉት ማን ናቸው? እናታችን። ማን የት ክፍል እንደሚገባ፣ ማን ስንት ሰዓት ውኃ እንደሚቀዳ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ሃይፐርቫይዘር ማለት እሳቸው ናቸው። ተከራዮቹ ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው፤ በአንዷ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ ራሱ የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩ። አንዱ ኡቡንቱ፣ አንዱ ዊንዶውስ፣ አንዱ ደግሞ እንደፈለጋችሁ የምታፈርሱት የመለማመጃ ማሽን። ግቢው ይቺ ሳጥን ናት።

አሁን ጥሩ ጥያቄ፦ «እኔ እኮ ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋልቦክስ አለኝ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ልዩነቱ ተከራይ አከራይ ነው! አንድ ሰው ቤት ይከራያል፤ ከዚያ ከሱ ላይ አንድ ክፍል ቆርሶ ለሌላ ያከራያል። ያ ሦስተኛው ሰው መብራት ቢፈልግ ለተከራዩ ይነግራል፣ ተከራዩ ለባለቤቷ ይነግራል። ላፕቶፓችሁ ላይ ዊንዶውስ ዋናው ተከራይ ነው፤ ቨርቹዋልቦክስ ከሱ ሥር ያከራያል። ዊንዶውስ ሌሊት «አፕዴት አለኝ» ብሎ ሲነሳ፣ ከሱ ሥር ያሉት ሁሉ ሻንጣቸውን ይዘው ውጭ ናቸው። ፕሮክስሞክስ ግን መሬቱ ላይ ራሱ የተቀመጠ ባለቤት ነው። ከሥሩ ብረቱ ብቻ ነው ያለው። ጀርባው ዴቢያን ሊኑክስ ነው፤ ማሽኖቹን የሚያስኬደው ኬቪኤም ደግሞ ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ግቢውን እንለቃለን። ውኃና ክፍል አንድ አይደሉም። ቧንቧ ላይ ሰልፍ ይያዛል፤ አንዱ ቀድቶ ሲሄድ ሌላው ይቀዳል። ፕሮሰሰር እንደዚያ ነው። 4 ኮር ይዛችሁ ለሦስት ማሽን ሁለት ሁለት ኮር መስጠት ትችላላችሁ፤ ተራ በተራ ይጠቀማሉ። ራም ግን ክፍል ነው። ሙሽሮቹ የተኙበት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን በተራ አታስገቡም! «16 ጊጋ ላይ ሦስት ማሽን ባደርግ እያንዳንዳቸው 16 ይኖራቸዋል?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ነበራችሁ። ወዳጆቼ፣ እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። ጀበናው የያዘው ሲኒ የታወቀ ነው። እንግዳ ስለበዛ ጀበናው አይሰፋም። ለፕሮክስሞክስ ራሱ 2 ጊጋ ተዉለት፣ የቀረውን አካፍሉ።

[ፍላሹ በቅርብ]

እሺ፣ ወደ ፍላሹ። እዚህ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ነበሩ፦ «ፍላሹ ሁልጊዜ ተሰክቶ መኖር አለበት ወይ? ብነቅለው ሰርቨሩ ይጠፋል ወይ?» አንዱ እንዲያውም ማንም እንዳይነካበት ፍላሹን በፕላስተር ሳጥኑ ላይ አጣብቆት ፎቶ ልኮልኛል። ስለ ጥንቃቄው አከብረዋለሁ። አሁን ግን ፕላስተሩን ላጠው ወንድሜ፣ ይነቀል።

ፍላሹ ደላላ ነው። ደላላ ቤቱን ያሳያችኋል፣ ከባለቤቷ ጋር ያገናኛችኋል፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ደላላ አብሯችሁ አይኖርም! እሱ ሄደ ብላችሁ ቤቱ አይፈርስም። ፍላሹ ላይ ያለው ኢንስቶለሩ ነው። ኢንስቶለሩ ፕሮክስሞክስን ወስዶ ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኗ የምትነሳው ከኤስኤስዲው ነው። እንዲያውም ሥራው አልቆ ፍላሹን ካልነቀላችሁት፣ አንዳንዷ ማሽን ተመልሳ ከሱ ትነሳና ኢንስቶለሩ እንደገና ይመጣባችኋል። «ጫንኩት፣ ግን እንደገና ጫን ይለኛል» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ንቀሉት።

ፍላሹ ተሰክቶ መኖር አለበት የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ዝም ብሎ አልመጣም። ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ የሚባለውን ሃይፐርቫይዘር ሰዎች ለብዙ ዓመታት ፍላሽና ኤስዲ ካርድ ላይ ጭነው ያስኬዱት ነበር። ሲነሳ አብዛኛው ነገሩ ራም ላይ ስለሚወጣ ፍላሹ ይችለው ነበር። ከ7ኛው እትም ወዲህ ግን ብዙ መጻፍ ጀመረ፣ ፍላሾቹም ማለቅ ጀመሩ፤ ኩባንያው ራሱ ይህን አሠራር ተዉት አለ። ፕሮክስሞክስ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ብዙ ይጽፋል፤ ሎጉን፣ የራሱን ቅንብር፣ ሌት ተቀን። ፍላሽ ላይ ከጫናችሁት ፍላሹን ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ለዩልኝ፦ *ከፍላሽ* መጫንና *ፍላሽ ላይ* መጫን። እኛ ከፍላሽ ነው የምንጭነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፣ ከፕሮክስሞክስ ድረ ገጽ ስለሚወርደው የኢንስቶለሩ ፋይል፣ ስለ አይኤስኦው፦ «አይኤስኦውን ፍላሹ ላይ ኮፒ አደረግኩት፣ አልነሳም።» አይነሳም! ደላላውን በፎቶ ብትልኩት ቤት አያሳይም። ፋይሉ ፍላሹ ላይ *መጻፍ* አለበት። ለዚያ ባሌና ኤቸር አለ፣ ሩፈስ አለ። ሩፈስ ከሆነ ሌላ የግረብ እትም ላውርድ ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁ አይሆንም በሉት፤ ቀጥሎ ዲዲ ሞድ የሚለውን ምረጡ። ዩኔትቡቲን የምትወዱ፣ ለዚህኛው እሱን ተዉት፣ አይሠራም። ተጽፎ ሲያልቅ ዊንዶውስ «ይህ ፍላሽ ፎርማት ይደረግ?» ሊላችሁ ይችላል። ፍላሹ አልተበላሸም። ዊንዶውስ ማንበብ ስላቃተው ነው። አይ በሉትና ንቀሉት።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን የፋይሉን አሻራ፣ ሻ256 የሚባለውን ቁጥር፣ አስተያዩ። አይኤስኦው ከ1 ጊጋ በላይ ነው፤ መሃል ላይ ኔትወርክ የሄደበት ሰው ጎደሎ ፋይል ይዞ ሙሉ ቀን ባዮስ ውስጥ፣ ማሽኗ ስትነሳ ከሁሉ በፊት በሚመጣው ቅንብር ውስጥ፣ ሲንከራተት አይቻለሁ። ቁጥሩ ከድረ ገጹ ጋር አንድ ከሆነ ፋይሉ ሙሉ ነው፤ ካልሆነ እንደገና አውርዱ።

እግረ መንገዴን፦ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለአንድ ጓደኛም ላኩት። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ባካፕ ነው፣ በጣም የምወደው ርዕስ ነው።

[ስክሪን፦ ባዮስ]

አሁን ፈጠን እንበል፣ ይህን ታውቁታላችሁ። ማሽኗን አስነሱ፤ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ኤፍ1፣ ኤችፒ ኤፍ10፣ ባዮስ ገባችሁ። ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን ክፈቱ፤ ኢንቴል ላይ ቪቲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም ይለዋል። ከረሳችሁት ኢንስቶለሩ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ሰዓቱን እዩ። ያገለገለ ማሽን ላይ ትንሿ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ብዙ ጊዜ ሞታ ትገኛለች፤ ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ ቀይሯት። ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ፍላሹን ምረጡ፣ ግራፊካል የሚለውን ኢንስቶለር ምረጡ።

ዲስክ ይጠይቃል። *ሙሉውን ያጠፋዋል።* ክፋይ አይለይም፣ ፎልደር አይለይም። አንድ ተማሪ የእህቱ ሠርግ ፎቶ ያለበትን ኤስኤስዲ ይዞልኝ መጣ፤ ደግነቱ ኔክስት ከማለታችን በፊት ጠየቅኩት። ጠይቁ። ፋይል ሲስተም ኤክስት4 ይሁን፤ ዜድኤፍኤስ ጥሩ ነው፣ ግን ራም ይበላል፣ አንድ ዲስክና ጥቂት ራም ላላት ማሽን እኔ አልመርጠውም። አገር ኢትዮጵያ፣ ፓስወርድ፣ ኢሜይል። ስም ስትሰጡት መሃሉ ላይ ነጥብ ይኑር፣ ደግሞ አስባችሁበት ስጡት፣ በኋላ መቀየር ያደክማል። አይፒ 192.168.1.50 እንበል፤ ራውተራችሁ ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። ጌትዌይ የራውተሩ አድራሻ። ኢንስቶል። ጥቂት ደቂቃ። ሪቡት። ፍላሹን ምን እናደርጋለን? ንቀሉት!

ከሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ክፈቱ፦ ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዚያ አይፒው፣ ሁለት ነጥብ፣ 8006። ከአይፒው በፊት ያለችውን ኤስ እንዳትረሱ። ብራውዘሩ ሰርተፊኬቱን አላውቀውም ብሎ ያስፈራራል፤ ራሱ የፈረመው ስለሆነ ነው፣ ቀጥሉ። ዩዘሩ ሩት ነው። ሰብስክሪፕሽን የለህም የሚል መልእክት ይመጣል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለድጋፉና ለተፈተኑት አፕዴቶች ነው። ሪፖዚተሪ ውስጥ፣ አፕዴቶቹ የሚወርዱበት ምንጭ ውስጥ፣ ገብታችሁ የኢንተርፕራይዙን አጥፉ፣ ኖ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ጨምሩ፣ አለቀ።

አሁን ደግሞ እዚህ ለሁላችንም የሚሆን ነገር። «ኢንተርኔቴ የስልክ ሆትስፖት ነው፣ ራውተር የለኝም።» መጫኑ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ፍላሹ ላይ አለ። ማሽኗንና ላፕቶፓችሁን በአንድ ኬብል ቀጥታ አገናኙ፣ ላፕቶፑ ላይ በእጃችሁ 192.168.1.10 ስጡ፣ ማስኩ 255.255.255.0፣ ከዚያ 8006ን ክፈቱ። ይሠራል። ዋይፋዩን ግን ለቨርቹዋል ማሽኖቹ ድልድይ ላድርገው ብላችሁ አትድከሙ። ዋይፋይ የሚያውቀው የተመዘገበውን አንድ ካርድ ነው፤ ከጀርባው ሦስት ተከራይ በየራሱ ስም ቢመጣበት በር ላይ ይመልሳቸዋል። ኬብል ግዙ።

የመጨረሻው መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኗ ራሷ እንድትነሳ ባዮስ ውስጥ ከመብራት መጥፋት በኋላ የሚለውን ወደ ፓወር ኦን አድርጉት። ያ ባለቤቷን ይቀሰቅሳል። ተከራዮቹ እንዲነሱ ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን ላይ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ፣ ስታርት አት ቡት የሚለውን የስ በሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቢቻላችሁ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስም ጨምሩ፤ ጆርናል ያለው ፋይል ሲስተም ብዙ ይችላል፣ በየቀኑ መውደቅ ግን ምንንም ይጎዳል።

ይኸው አንድ ዴቢያን ማሽን ፈጥሬያለሁ፣ 2 ጊጋ ራም፣ 2 ኮር። ማሽኑን ከውስጥ በሥርዓት አጠፋለሁ፣ ፕሮክስሞክስንም ሻትዳውን። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። አስር እቆጥራለሁ... መለስኩት። ማንም አልነካትም፣ እዩ፣ ፋኗ ተነሳች። እንጠብቅ። 8006 ተከፈተ። ከዴቢያኑ አጠገብ አረንጓዴዋ ምልክት... መጣች።