ቤትን ለገና ማሰናዳት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የገና በዓል በመቃረቡ በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን የተከፈተው ቤትን ለበዓል ስለማስዋብ ለሚነሡ ጥያቄዎች ነበር። አብዛኞቹ ደዋዮች ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከልደታና ከስድስት ኪሎ አካባቢ ናቸው። በአየር ላይ ጊዜ አጥሮ በጥድፊያ የታለፉትን ነጥቦች ጨምሬ መልሶቼን እዚህ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቼ የጎረቤት የገና ዛፍ አይተው ‹ለእኛስ?› ይሉኛል። አልጋው፣ ቡፌውና ሶፋው ገብተውበት ግን መተላለፊያ እንኳ የለንም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቤትን ማስዋብ የሚጀምረው ዕቃ ከመጨመር ሳይሆን ዕቃ ከመቀነስ ነው። ይህን የምለው እርስዎን ለማጽናናት አይደለም፤ በትልልቅ ቤቶችም የምከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው በቡፌው ላይና በአልጋው ራስጌ የተከማቸውን ሁሉ ያውርዱ፤ ለበዓሉ የማያገለግለውን በካርቶን አድርገው ከአልጋ ሥር ያስገቡት። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ይመልከቱ። ቤቱ የጭቃ ከሆነና ቀለሙ ከተላላጠ ኖራ መቀባት ከማንኛውም ጌጥ በላይ ቤቱን ያበራዋል፤ ነጭ ግድግዳ በትንሿ መስኮት የሚገባውን ብርሃን መልሶ ስለሚረጨው ክፍሉም ሰፋ ብሎ ይታያል። ኖራው በደንብ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ስለሚፈልግ ለዋዜማ አያቆዩት።

የልጆቹ ዛፍ የግድ ወለል ላይ መቆም የለበትም። አምስት ወይም ስድስት ቀጫጭን እንጨቶችን ከአጭሩ ጀምረው ወደ ረጅሙ እየወረዱ፣ በግራና በቀኝ በሲባጎ አያይዘው ግድግዳ ላይ ቢሰቅሏቸው የዛፍ ቅርጽ ይሠራሉ። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ልጆቹ ራሳቸው ከወረቀት የቆረጧቸውን ኮከቦች፣ በክር ያንጠለጠሏቸውን የጠርሙስ ክዳኖችና የተረፉ የጥለት ቁርጥራጮችን ያስሩበታል። ልጅ በእጁ የሠራውን ነገር ከመደብር ከተገዛው አስበልጦ ለእንግዳ ሲያሳይ በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይህ መፍትሔ የችግር ጊዜ መላ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። መስቀያውን ሚስማር ግን ማገሩ ባለበት ቦታ ይምቱት፤ በጭቃው ብቻ የተያዘ ሚስማር ልስኑን ይዞ ይወርዳል።

የጨርቁን ነገር ደግሞ በሚገባ ያስቡበት፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ሳይዝ ቤቱን የሚለውጠው ጨርቅ ነውና። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ካለዎት መደቡ ቢያልቅም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ጥለቱን ቆርጠው በነጭ አቡጀዲ ጠርዝ ላይ ቢሰፉት የጠረጴዛ ልብስ፣ የትራስ ልብስ ወይም የቡፌ መሸፈኛ ይሆናል። አዲስ መግዛት ከፈለጉም ሽሮ ሜዳ ቅርብዎ ነው። በጥለቱ ውስጥ ካሉት ቀለሞች አንዱን መርጠው በትራሱም፣ በወረቀቱ ኮከብም፣ በአበባ ማስቀመጫውም ላይ ያንኑ ይድገሙት። በአንዲት ክፍል ውስጥ ወርቃማው፣ ብርማው፣ ቀዩና ሰማያዊው በአንድነት ሲብለጨለጩ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። በአራዳ የሚገኙ ብዙ ነባር ቤቶች ኮርኒሳቸው በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ጨርቅ የተወጠረ ሲሆን፣ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ዕድሜ የጠገበ የኤሌክትሪክ ገመድ ሊኖር ይችላል። በዚህ ዓይነቱ ኮርኒስ ላይ መብራትና የሚያብለጨልጭ ወረቀት አይስቀሉ፤ ከሥሩም ሻማ አያብሩ። ጌጡ ሁሉ በግድግዳው ላይ ብቻ ይሁን። የከተማው የእሳትና አደጋ መከላከያ የስልክ ቁጥር 939 ነው፤ ልጆቹም በቃላቸው ቢይዙት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ «ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ ሚስማር እንዳልመታ ነግረውኛል፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነም የገና መብራት ሳበራ ‹ሒሳቡ ይበዛል› ይሉኛል። እውነት ይህን ያህል ይበላል?»

መልስ፦ መልሱ በመብራቱ ዓይነት ይወሰናል። 100 አምፖል ያለው የኤልኢዲ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዋት አይበልጥም፤ ቀደም ሲል የምናውቃቸው፣ ሲነኩ የሚያቃጥሉት ጥቃቅን አምፖሎች ግን በዚያው ቁጥር 40 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። የኤልኢዲው ገመድ በየምሽቱ ለ6 ሰዓታት ያህል ለ30 ቀናት ቢበራ በጠቅላላው 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ፣ ይህንኑ መጠን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። እንግዲህ የአንድ ወር የገና መብራት የግማሽ ሰዓት መጋገሪያ ማለት ነው፤ ይህን ስሌት ለአከራይዎ በአክብሮት ቢያስረዷቸው የሚስማሙ ይመስለኛል።

ሊያሳስብዎ የሚገባው ሒሳቡ ሳይሆን ማከፋፈያው ነው። በዋዜማው ምጣዱ፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣውና የገና መብራቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ ተደራርበው የሚገኙባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በእኛ አገር የኤሌክትሪክ መስመር በ220 ቮልት ላይ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ከገበያ የሚገዙት ብዙዎቹ ዲቫይደሮች ግን የተሠሩት ለ10 አምፔር፣ ማለትም ለ2,200 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ሲጫንበት ገመዱ ይግላል፤ ገመዱ ደግሞ ከመጋረጃ ወይም ከፕላስቲክ ዛፍ ሥር የሚያልፍ ከሆነ አደጋው ቅርብ ነው። ምጣዱ ምን ጊዜም በራሱ ሶኬት ላይ ብቻ ይሰካ። የገና መብራቱን ከመስቀልዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያብሩትና ማያያዣውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ የጋለ፣ የተላጠ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ያለው ከሆነ ርካሽ ነው ብለው አይስቀሉት። ሲተኙና ከቤት ሲወጡም ይንቀሉት።

ሚስማር ስለ መከልከልዎ፣ በመጋረጃ ዘንግና በመስኮቱ ፍርግርግ ይጠቀሙ። መብራቱን በመስኮቱ ዙሪያ በቀጭን ክር ቢያስሩት ከውስጥም ከውጭም ያምራል። ፕላስተር በግድግዳው ላይ አይለጥፉ፤ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ስለሚነሣ ከአከራይዎ ጋር ያጣላዎታል። የጋራ ደረጃውንም በጌጥ አይዝጉት፤ በአደጋ ጊዜ የሁሉም ነዋሪ መውጫ እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ስድስት ኪሎ አካባቢ ግቢ ያለው ቤት አለን። በየዓመቱ እውነተኛ ጥድ እየገዛን እናቆማለን፤ በሁለት በሦስት ቀን እየረገፈ ቤቱን ያቆሽሸዋል። ማቆያ ዘዴ አለው?»

መልስ፦ አለው፤ ነገር ግን አስቀድሜ ስለ ዛፉ ልናገር። የሐበሻ ጥድ በዝግታ የሚያድግ አገር በቀል ዛፍ ሲሆን፣ ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በየደብሩ ግቢ የምናያቸው ግዙፍ ጥዶች የብዙ ትውልድ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ብሎ ጫፉን መቀንጠስ ዛፉን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ሻጭ ጥድ አትግዙ። የፈረንጅ ጥድ ለአጥር ስለሚተከልና በየጊዜው ስለሚከረከም፣ ከክርክም የተገኘ ቅርንጫፍ ብታገኙ ማንም አይጎዳበትም።

የቆረጣችሁት ቅርንጫፍ የሚረግፈው በውኃ ጥማት ነው። የአዲስ አበባ የታኅሣሥ አየር ደረቅ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ሲሆን ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል። ከማቆማችሁ በፊት ግንዱን ከሥሩ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ያህል እንደገና ቁረጡት፤ የቀድሞው ቁርጥ በሙጫ ስለሚደፈን ውኃ አይስብም። ከዚያ በድንጋይና በውኃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ አቁሙት፤ ባልዲውን በጥለት ጨርቅ ሸፍኑት፤ ውኃውንም በየቀኑ ሙሉት። ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት፣ ከምድጃና ከማንደጃ አርቁት። ቅጠሉ በእጅ ሲጨበጥ መሰባበር ከጀመረ ደርቋልና መብራት ሳይጠመጠምበት ወዲያው ይውጣ፤ የደረቀ ጥድ ዘይት ስላለው እንደ ክብሪት ይያያዛል።

ግቢ ላለው ሰው ግን የእኔ ምርጫ ሌላ ነው። በከተማው ካሉት የችግኝ መሸጫዎች አንድ የጥድ ችግኝ በትልቅ ማሰሮ ወይም በተበሳ በርሜል ገዝታችሁ ብታሳድጉ፣ በየገናው ለአንድ ሳምንት ያህል ወደ ሳሎን አስገብታችሁ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። ማሰሮው ሲጠበው በክረምት መግቢያ ግቢ ውስጥ ትተክሉታላችሁ። የልጆቻችሁ ቁመትና የዛፉ ቁመት ጎን ለጎን ሲያድግ ማየት በገንዘብ የማይገኝ ደስታ ነው።

ጥያቄ፦ «ዛፉም ጥጡም የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ገና ቄጠማና ጠላ ነበር። ባለሙያዎች ለምን ይህን ታስፋፋላችሁ?» (ከፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ የደወሉ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ታሪኩንም በትክክል ጠቅሰዋል። የገና ዛፍ ልማድ ከጀርመን አገሮች ተነሥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሌላው አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተስፋፋ ነው፤ በኤሌክትሪክ አምፖል ያጌጠው የመጀመሪያው ዛፍም እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ በነበረው በኤድዋርድ ጆንሰን ቤት የቆመው ነው። በበኩሌ ዛፍ የሌለው ቤት ለገና አልተሰናዳም ብዬ አላምንም፤ ዛፍ ያቆመውንም አልነቅፍም። በረዶ ለማስመሰል በዛፉ ላይ የሚደረገውን ጥጥ ግን እኔም እቃወማለሁ። በረዶ ለማያውቀው የእኛ ታኅሣሥ ትርጉም የለውም፤ ከዚህም በላይ የተፈለቀቀ ጥጥ ከሚግል አምፖል አጠገብ ሲቀመጥ በቅጽበት የሚነድ ነገር ነው።

የበዓሉን ፍሬ ነገር ለልጆች ማሳየት ለሚሻ ቤተሰብ የምመክረው ግርግምን ነው። በምዕራቡ ዓለም ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ እ.ኤ.አ. በ1223 በጣሊያን በግሬቾ መንደር ግርግም አሰናድቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ ልደቱን እንዳሳየ ይተረካል። እኛ ደግሞ የበረትን ምንነት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጥቃቅን በሬዎች፣ በጎችና አህዮች ይገኛሉ ወይም ይታዘዛሉ፤ ጥቂት ጭድ፣ ከልጥ የተሠራ ጣሪያና አንድ አነስተኛ መብራት ሲጨመርበት በቡፌ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ልጅ የሚረዳው ትዕይንት ይወጣል። ሥዕለ አድኅኖን በተመለከተ አቀማመጡን የንስሐ አባትዎን መጠየቁ ይሻላል፤ እኔ የምለው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት በዙሪያው እንዳይጠመጠም ብቻ ነው፤ የጸሎት ስፍራ ጸጥታ ይፈልጋልና። ከሩርና ከገና ዱላ አንድ ጥንድ ካለዎትም ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ለልጅ ልጆችዎ ስለ ጨዋታው ለመንገር መነሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ቄጠማ ሳሎናችን ሴራሚክ ላይ ስንጎዘጉዝ እናቴ አዳልጧት ልትወድቅ ነበር። ጭሱም ያፍነናል። ማስቀረት ይሻላል?»

መልስ፦ ማስቀረት አያስፈልግም፤ ቦታውን መወሰን ይበቃል። ቄጠማ በአፈርና በጣውላ ወለል ላይ ይረጋል፤ በሴራሚክ ላይ ግን እርጥበቱ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከረከቦቱ ሥርና ዙሪያ ብቻ ይጎዝጎዝ፤ ከበር እስከ ሶፋ ያለው መተላለፊያ ባዶ ይሁን። ከመጎዝጎዙ በፊት ውኃው ተራግፎ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሰጣ ሽታውም ይበልጥ ይወጣል። ከሰሉ ግን ከቄጠማው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ፣ ሽታ በሌለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ከሰሉ ደጅ ፍም እስኪሆን ይቀጣጠል፤ ሲገባም መስኮት ገርበብ ይበል፤ ከመኝታ በፊት ማንደጃው ይውጣ። የዕጣኑ ጭስ ከበዛ ደግሞ ትንንሽ ፍሬ እያደረጋችሁ፣ በፍጥነት ሳትደራርቡ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ «ጌጡ መቼ ይሰቀል፣ መቼ ይውረድ?»

መልስ፦ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። የጾመ ነቢያትን ድባብ ለማክበር የሚሹ ቤተሰቦች ጽዳቱንና ቀለሙን በጾሙ ወራት ጨርሰው፣ ጌጡን በመጨረሻዎቹ ቀናት ይስቀሉ። ጥምቀት ጥር 11 ስለሆነና ከጃን ሜዳ የሚመለሱ እንግዶች ወደ ብዙ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ቤቶች ጎራ ስለሚሉ፣ ዛፉና ኮከቡ ቢወርድም ነጫጩን ጨርቅ፣ ጥለቱንና አበባውን እስከ ጥር 12 ማቆየት ሁለተኛ ድካም ያስቀራል። መብራቱን ስታወርዱ በእጅ አትጠቅልሉት፤ በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጠመጠማችሁ፣ የተቃጠለውን አምፖል ምልክት አድርጋችሁበት፣ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።