ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እሳት እንለኩሳለን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሌሊቱን ተጉዛችሁ የደረሳችሁ እንግዶች፣ የምድር ባቡር እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ለዚህ ቀን እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት በዚህ ዓመት የተለዩንን አባሎቻችንን በየሃይማኖታችን በአንድ ደቂቃ ጸሎት እንድናስባቸው ከመቀመጫችሁ እንድትነሡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ። ነፍሳቸውን ይማርልን።

የሂሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን፣ የመረዳጃውን ጉዳይ ደግሞ ጸሐፊያችን ከምሳ በፊት ያቀርቡላችኋል። ሁለቱም በሚገባ ስለተዘጋጁ እኔ አልደግመውም። የተሰጠኝን ሰዓት በሙሉ ለአንድ ነገር ላውለው ፈልጌያለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ በጋው ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ እኔን የሚፈልገኝ ሰው የሚያገኘኝ ቤቴ አይደለም። እዚሁ እንግሊዝ፣ በምኖርበት ከተማ መናፈሻ ውስጥ፣ በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚካሄድ የትናንሽ ባቡሮች መስመር አለ። ልጄን ለማንሸራሸር ሄጄ የድንጋይ ከሰል ጭስ ሸተተኝና ሽታውን ተከትዬ ደረስኩበት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተለየሁም። ባቡሮቹ መጫወቻ አይደሉም። የሐዲዱ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር ወይም 5 ኢንች ነው። ውኃው የሚፈላበት ጋን ማለትም ቦይለሩ ከመዳብ የተሠራ፣ እሳቱ እውነተኛ፣ እንፋሎቱም እውነተኛ ነው። ተሳፋሪው በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ ይሳፈራል፤ ነጂውም ተሳቢዎቹን ከሚጎትተው ከሎኮሞቲቩ ጀርባ እንደዚያው ተቀምጦ ይነዳል። እንዲህ ያለው ትንሽ እሳት ሰው ሊጎትት መቻሉ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዚሁ አገር ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነበር። ከርሊ ላውረንስ የሚባል ባለሙያ በ64 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ በከሰል የምትሄድ ሎኮሞቲቭ ሠርቶ ትልቅ ሰው እየጎተተች ባሳየ ጊዜ ነው ክርክሩ የረገበው።

አንድ ጠዋት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ማልደን እንደርሳለን። ማንም እሳት ከመለኮሱ በፊት ውኃውን ያያል። ቀጥሎ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይደፋል፤ ቦይለሩ ገና እንፋሎት ስለሌለው እሳቱን የሚስብለት ሌላ ኃይል የለምና። ላምባ የጠጣ የእንጨት ከሰል ይገባል፣ ክብሪት ይጫራል፣ ከሰሉ ሲያያዝ ድንጋይ ከሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ይከተላል። አካፋችን የወጥ ጭልፋ አታህልም። ከዚያ ጆሮ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቀጥሎ እንደ ጀበና ማጉረምረም ይመጣል። የግፊቱ መርፌ ከተኛበት ሲነሣ ማራገቢያውን አንሥተን የራሱን እንፋሎት ወደ ጭስ ማውጫው እንለቅለታለን፤ ከዚያ በኋላ ባቡሩ እሳቱን ራሱ ይስባል። መንኮራኩሩን ከሚገፋው ሲሊንደር የወጣው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ሲፈነጠር አየሩን ከእሳቱ ሥር እየጎተተ ስለሚሄድ፣ ሎኮሞቲቩ ይበልጥ በደከመ ቁጥር እሳቱ ይበልጥ ይነድዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ስወድ ኖሬ ከዚህ የበለጠ ያማረ አሠራር አላየሁም።

ሕፃናቱ ከመሳፈራቸው በፊት የደኅንነት ቫልቮቹ በተወሰነላቸው ግፊት በራሳቸው መከፈታቸውን እናያለን። ውኃ የሚያስገቡት ሁለቱም መንገዶች ይሞከራሉ፤ አንዱ ቢያምፅ ሌላው እንዲኖር። ፍሬኑ ይሞከራል። ቦይለሩ ደግሞ በየዓመቱ በእንፋሎት፣ በየጥቂት ዓመቱም ቀዝቃዛ ውኃ ተሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈተሻል። በውኃ የሚፈተሽበት ምክንያት አለው፤ እንፋሎት ሲያመልጥ ይፈነዳል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ግን ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጣ ነርስ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ብረት ቀጥቃጭ አለ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ሎኮሞቲቭን ቁመቱንም ወርዱንም ርዝመቱንም በስምንት ብታካፍሉት፣ በቦይለሩ የሚይዘው ውኃ በስምንት አይካፈልም፤ በ512 ነው የሚካፈለው። ስለዚህ በትልቁ ባቡር ላይ ሰዓት የሚወስደው ስሕተት በትንሹ ላይ ደቂቃ ይበቃዋል። የውኃውን መጠን የምናይበት የመስታወት ቱቦ ከእርሳስ አይወፍርም። አንዳንዴ በውስጡ የአየር አረፋ ይያዝና ውኃው ወርዶ ሳለ ሙሉ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ያየነውን አናምንም፤ የታችኛውን ቧንቧ ከፍተን ቱቦውን አስተንፍሰን ውኃው ተመልሶ ሲወጣ ዓይተን ነው የምናምነው። ይህን ማንም መጽሐፍ ላይ ሊያነበው ይችላል። አንብቤው ነበር። ነገር ግን አረፋውን ከውኃው መለየት የቻልኩት አንድ አዛውንት አጠገቤ ተንበርክከው በጣታቸው «ይኸውልህ፣ ይኼ ሐሰት ነው» ካሉኝ በኋላ ነው።

በነጂነቴ በሁለተኛው ዓመት የሆነውን ልጨምር። ሦስት ተሳቢ ሕፃናት ጭኜ ዳገቱ ሥር ስደርስ ጥሬ ድንጋይ ከሰል ሞልቼ፣ በዚያው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ቦይለሩ ለቀቅኩ። ግፊቱ ወረደ። ከዳገቱ መካከል ቆምን። ልጆቹ ዝም ብለው ጀርባዬን ያዩ ነበር። እኒያ አዛውንት ከጣቢያው በእግራቸው መጡ። አልተቆጡም፣ ምንም አልተናገሩም። ውኃውን ዘጉ፣ እሳቱን በመቆስቆሻው ከሥሩ አነቃነቁ፣ ለጭስ ማውጫው ትንሽ እንፋሎት ሰጡና እጃቸውን ቦይለሩ ላይ ጭነው ጠበቁ። መርፌው ሲነሣ እጄን ይዘው የእንፋሎቱ መክፈቻ ላይ አኖሩትና «አሁን ሂድ፤ ከእንግዲህ ከዳገቱ በፊት አብላት» አሉኝ። እስከ ዛሬ ዳገት በቀረብኩ ቁጥር ያ እጅ ይሰማኛል።

ያን ቀን ማታ ያሰብኩት አያቴን ነበር። አያቴ በድሬዳዋ መስመር፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በሚወስደው የባቡር መንገድ፣ እሳት አንዳጅ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ በሐዲዱ ላይ የሚሮጠው የናፍጣ ባቡር ሆኖ፣ አያቴ ከደጃፉ ተቀምጦ የሚያልፈውን ባቡር በጆሮው ብቻ ይከተል ነበር። ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረው። ስለ ጠባሳው ጠይቄው አውቃለሁ፤ ስለ እሳቱ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ከአዋሽ በረሃ እስከ አዲስ አበባ ባለው ዳገት እሳቱን እንዴት ያዘጋጀው እንደነበር፣ ውኃው ቦይለሩን ሲያቆሽሽ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ሌሊት በምን ያዩ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ነበረ፤ አልፏል። ስንቶቻችሁ ይህን የመሰለ ሰው በቤታችሁ እንደነበረ አውቃለሁ።

የእኛን መስመር ታላቅነት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሥሩ ላይ ቆመ፣ በቆመበትም መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከ780 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ይህን አንድ ሜትር እባካችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ባቡርን ሊያስነሣ ይችላል ወይ ለሚል ሰው ሁለት ምስክር አለኝ። አንደኛው ዌልስ ውስጥ ያለው የታሊሊን መስመር ነው። ሊዘጋ የነበረውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1951 በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ባቡሩን አስኬዱት፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛው ግን ለእኛ ይቀርባል፤ የአስመራና የምጽዋ መስመር። በጦርነቱ ጊዜ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በጡረታ የነበሩ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ሐዲዱን ከየምሽጉ አስለቅመው፣ የጣሊያን ዘመን ሎኮሞቲቮችን ፈትተው ገጥመው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩን አስመራ አስገቡት። ከባሕር ጠለል ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ወዳለችው አስመራ በሚወጣው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ እንፋሎት እንደገና ጮኸ። ይህ የሆነው እውቀቱ ያለው እጅ ገና በሕይወት ስለነበረ ነው። አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የሚጠራ ሰው አይኖርም ነበር።

የእኛ አሥር ዓመት ግን እያለቀ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሮጠው እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ በእርሱም ደስ ይለኛል፣ ይሩጥ። የእንፋሎቱ እውቀት ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ከጥቂት አባቶቻችን ጋር ነው ያለው።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ያቀርባል። አንድ ሜትር ለስምንት ሲካፈል 125 ሚሊ ሜትር ነው። እሑድ እሑድ የምነዳበት ሐዲድ 127 ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት! የድሬዳዋን መስመር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ወደ አንድ ስምንተኛ አሳንሰን ብንሠራው፣ በየከተማው መናፈሻ በተዘረጋው በዚህ ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ልጆቻችንን ጭኖ ይሄዳል። እንሥራው። ዓመታት ይፈጅብናል፤ እኔ ባላየው ልጆቼ ያዩታል።

ለዚህም ሦስት ልመና አለኝ። በየአልበማችሁ ያለውን ፎቶግራፍ አውጡልን፤ ከቤተሰብ ሠርግ ጀርባ የቆመ ሎኮሞቲቭ ቢሆን እንኳ የመንኮራኩሩን ቁጥር እንቆጥርበታለን። አባቶች ደግሞ በዎርክሾፕ ውስጥ ለየዕቃው ትሉት የነበረውን ስም፣ ፈረንሳይኛ ይሁን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ እንዳፋችሁ ንገሩን፤ ወጣቶቹ በድምፅ ይቀርጹታል። ሦስተኛው ልመና ጉልበት ነው። ሁሉም ነጂ አይሆንም። ሣር የሚያጭድ፣ የሐዲዱን ብሎን የሚያጠብቅ፣ ልጆቹን አስቆጥሮ የሚያሳፍር፣ ከኋላ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ሲመሽ አመዱን የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ዓመት አመድ ጠርጌ ነው ባቡር መንዳት የጀመርኩት፤ አመዱ ከእሳቱ ምን እንደጎደለ ያስተምራል።

ከመናፈሻው ማኅበር ጋር ተነጋግረናል፤ ነገ ከእናንተ አሥር ሰው ሊያስተናግዱን ፈቅደዋል። እሳት የሚለኮሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቅዳሴ ያላችሁ ከቅዳሴ በኋላ ድረሱ፤ ባቡሩ እስከ 10 ሰዓት ይሮጣል። የሚቆሽሽ ልብስና ጥጥ ጓንት ያዙ፤ ናይሎን ከእሳት ጋር አይስማማም። ከአሥሩ ቦታዎች አራቱን ከ25 ዓመት በታች ላሉት ይዘናል። ለአባቶች ከሎኮሞቲቩ አጠገብ ወንበር ይዘረጋል፤ እሳቱን እያያችሁ እንድታርሙን።

የስም መዝገቡ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ። ገንዘብ ያዣችን፣ እባክዎ ወደ መድረኩ ይምጡ።